የአንድ ኩባያ ኦቾሎኒ ስንት ግራም ነው? ከደሴ ወጥ ቤት የተጻፈ መመሪያ

ባለፈው ዒድ ባቅላባ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። እኔ ደሴ ነኝ፣ ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ። ስልክ ላይ ያገኘነው አሠራር አንድ ነው፤ «4 ኩባያ የተከተፈ ዋልነት» ይላል። ዋልነቱን ትተን፣ ያው እንደኛ አገር ልማድ፣ በኦቾሎኒ ተካነው። የሷ ሸጋ ሆኖ ወጣ። የኔ መሐሉ አብጦ፣ ላዩ ተሰነጣጥቆ፣ ሽሮፑ ታች ወርዶ ተኛ። ስቆርጠው ኦቾሎኒው እንደ ቆሎ ትሪው ላይ ተበተነ።

«ደሴ ደጋ ነው፣ ከፍታው ነው ያበላሸብኝ» አልኳት በስልክ። ጥፋቱን ጦሳ ተራራ ላይ አላከክኩት።

«እትዬ፣ ተራራውን ተይውና ኩባያሽን አሳዪኝ» አለችኝ።

በሳምንቱ ኩባያዬን በፌስታል ቋጥሬ የሐረጎን ቁልቁለት ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሁለቱን ኩባያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ውሃ ሞላንና ለካን። የኔ 310 ሚሊ ሊትር ያዘ፣ የሷ 190። እኔ በ4 ኩባያ ከ700 ግራም በላይ ኦቾሎኒ ከትቻለሁ፣ እሷ 450 አካባቢ። አሠራሩ የፈለገው ደግሞ 468 ግራም ነበር (በአሜሪካኑ ኩባያ የተከተፈ ዋልነት 117 ግራም ነው፣ 4 ጊዜ)። እሷም ብትሆን አውቃ አይደለም፣ የሻይ ኩባያዋ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው የቀናት።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል። የኔ ችግር ቁናው ራሱ ስንት እንደሚይዝ አለማወቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩባያ የሚል አሠራር ሳገኝ መጀመሪያ ወደ ግራም እቀይረዋለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የከፍታውን ነገር በአንድ አፍ ልጨርሰው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ይሄ ለሽሮፕና ለኬክ አነሳስ ለውጥ አለው። 146 ግራም ኦቾሎኒ (የአንድ አሜሪካን ኩባያ ልክ ነው) ግን ደሴም ኮምቦልቻም 146 ግራም ነው።

መጀመሪያ፦ አሠራሩ የማን ኩባያ ነው?

ኩባያ ሲባል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ አይደለም። የአሜሪካኖቹ 237 ሚሊ ሊትር ነው (የምግብ ማሸጊያ ላይ ሲጽፉት 240 ያደርጉታል)። የአውስትራሊያ አሠራሮች ላይ ያለው 250 ነው። የሾርባ ማንኪያ አብዛኛው ቦታ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ነው፤ አውስትራሊያ ግን የሾርባ ማንኪያውን 20 ታደርገዋለች።

የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ምልክቱን ፈልጉ። ቅቤን በ«ስቲክ» የሚቆጥር፣ የምድጃ ሙቀትን በፋራናይት የሚናገር፣ «አውንስ» የሚል ከሆነ አሜሪካዊ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊዋ የቤቷን ኩባያ ይዛ ጽፋ ይሆናል፣ ስለዚህ ከተቻለ ጠይቋት። ካልተቻለ በ237 ሂዱ፣ ብዙው ከዚያው የተተረጎመ ነው።

እግረ መንገዴን፣ በአማርኛ አሠራር ላይ «ለውዝ» የሚል ቃል ካያችሁ ቆም በሉ። አንዳንዱ ኦቾሎኒ ማለቱ ነው፣ አንዳንዱ አልመንድ። ደግነቱ ሙሉ ፍሬው ላይ በክብደት ብዙ አይራራቁም። ጣዕሙና ዋጋው ነው የሚያራርቃቸው።

ሁለተኛ፦ የራሳችሁን ኩባያ ለኩ

ይሄ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሁልጊዜ የምትጠቀሙበትን አንድ ኩባያ ምረጡ፣ ሌላውን እርሱት። ባዶውን ሚዛን ላይ አድርጉ፣ ዜሮ አድርጉት፣ እስከ አፍ ገደፉ ውሃ ሙሉት። ሚዛኑ ያሳየው ግራም ኩባያው የሚይዘው ሚሊ ሊትር ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነውና።

ሚዛን ከሌላችሁ የሕፃን ጡጦ ፈልጉ። የምሬን ነው። ጡጦ ጎኑ ላይ የሚሊ ሊትር መስመር አለው፣ ትልቁ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 240 ይደርሳል። ጎረቤት ልጅ ያላት አትጠፋም። ኩባያውን በውሃ ሞልታችሁ ወደ ጡጦው ገልብጡ፣ ካላለቀ መስመሩ ላይ አቁማችሁ ድፉትና ቀጥሉ፣ ከዚያ ደምሩ። ጡጦም ካልተገኘ ከፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አለ፣ ቢያሰለችም ልኩን ይናገራል።

የግማሽ ሊትር ሃይላንድም ይሠራል፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። 500 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ሳይከፈት ውሃው የቆመበት ቦታ ድረስ ነው። እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ከሞላችሁት ከ500 ያልፋል። እኔ መጀመሪያ እንደዛ ለክቼ ኩባያዬን ያለ ስሙ ስም ሰጥቼው ነበር።

ሦስተኛ፦ ሙሉ ነው፣ የተከተፈ ነው፣ ወይስ ዱቄት?

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኩባያ ኦቾሎኒ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታም ይይዛል። ቅርጹ ሲቀየር ባዶው ቦታ ይቀየራል። እቤት ሞክሩት፦ 146 ግራም ሙሉ ኦቾሎኒ መዝኜ ያቺ 310 የምትይዝ ኩባያዬ ውስጥ ጨመርኩት። ሩብ ያህል ጎደለ። ከዚያ ያንኑ ኦቾሎኒ፣ አንድ ፍሬ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በቡና መፍጫ ፈጭቼ መልሼ በማንኪያ ጨመርኩት። ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጠረጴዛው ላይ ተረፈ። ክብደቱ ያው ነው። ሲፈጭ አየር ስለገባበት ነው እንደ ጤፍ ዱቄት ነፋ ያለው።

ዋልነት ደግሞ ጉድ ነው። ግማሽ ግማሹ ፍሬ ጠማማና ቆልማማ ስለሆነ ኩባያ ውስጥ በደንብ አይደራረብም፣ 100 ግራም ብቻ ይገባል። ስትከትፉት ስብርባሪው ክፍተቱን ይሞላና 117 ይደርሳል። ስትፈጩት መልሶ ወደ 80 ይወርዳል። አንድ ፍሬ፣ አንድ ኩባያ፣ ሦስት ክብደት።

ስለዚህ አሠራሩን ስታነቡ ቃላቱ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ እዩ። «1 ኩባያ የተፈጨ ኦቾሎኒ» ካለ መጀመሪያ ይፈጫል፣ ከዚያ ይሰፈራል። «1 ኩባያ ኦቾሎኒ፣ የተፈጨ» ካለ ግን በሙሉ ፍሬው ይሰፈራል፣ ከዚያ ይፈጫል። ነጠላ ሰረዟ ቀልድ አይደለችም። በአልመንድ ብናየው የመጀመሪያው 95 ግራም ነው፣ ሁለተኛው 143፤ ልዩነቱ ኬክ ያበላሻል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህች ሰረዝ ብዙ ጊዜ ትጠፋለች፣ ስለዚህ የተተረጎመ ነገር ከሆነ እንግሊዝኛውን ብታዩ ይሻላል።

አራተኛ፦ አሰፋፈሩ

የገበያው አሰፋፈር እዚህ አይሠራም። ገበያ ላይ ሰፋሪዋ ከምራ፣ በእጇ ደግፋ፣ ላዩ ላይ ምርቃት ጣል ካላደረገች ቅር ይለናል። ለአሠራር ግን ምርቃት የለም። ኦቾሎኒውን ከላይ ዝም ብላችሁ አፍስሱት፣ አትነቅንቁት፣ አትጠቅጥቁት፣ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ አታንኳኩት፣ አፉን በቢላ ጀርባ ጠርጋችሁ የተረፈውን መልሱ። ዱቄት ከሆነ በማንኪያ እያነሳችሁ ጨምሩ እንጂ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ አትንከሩት፣ ይጠቀጠቅና ይከብዳል።

አንዴ መዝናችሁ አትመኑ። እኔ ሦስት ጊዜ ሞልቼ ስመዝን 188፣ 194 እና 191 ሰጠኝ። መካከለኛውን 191ን ያዝኩ።

ሚዛኑን በተመለከተ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዲጂታሉ ሚዛን ግራምና አውንስ የሚቀያይር ቁልፍ አለው፣ ልጆች ነክተውት ይሆናል፣ ስክሪኑ ላይ ግራም የምትለዋን ፊደል ሳታዩ አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ ትንሽ ነገር ላይ አትመኑት። 1 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ ለመመዘን ብትሞክሩ አንዴ 7 አንዴ 11 ሊላችሁ ይችላል። 10 ማንኪያ መዝናችሁ ለ10 አካፍሉት። ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ መዋዠቅ ይጀምራል፣ ያኔ ሚዛኑን አትሳደቡ፣ ባትሪውን ቀይሩ።

አምስተኛ፦ ሒሳቡ

አትፍሩ፣ ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው። ኩባያችሁ ውስጥ የገባውን የኦቾሎኒ ግራም ኩባያው ለሚይዘው ሚሊ ሊትር አካፍሉ። የመጣውን በአሠራሩ ኩባያ አባዙ።

የኔ፦ 191 ሲካፈል ለ310፣ 0.616። 0.616 ሲባዛ በ237፣ 146 ግራም።

የእህቴ፦ ኩባያዋ 190 ይይዛል፣ ኦቾሎኒው 117 ግራም መዘነ። 117 ሲካፈል ለ190 ያው 0.616። መልሱ ያው 146።

ኩባያችን ባይገናኝም መልሳችን ተገናኘ። 0.616ን አንዴ ካገኛችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ነገ አሠራሩ የ250 ኩባያ ቢሆን 0.616 በ250 አባዝታችሁ 154 ትላላችሁ፣ አለቀ።

መመዘን ለሰለቸው

እነዚህ ለአሜሪካኑ 237 ኩባያ፣ አፉ ለተጠረገ፣ በግራም ናቸው። ከራሳችሁ ሚዛን ጋር አምስት ስድስት ግራም ቢለያዩ አትጨነቁ፣ ፍሬው ትልቅና ትንሽ አለው።

ኦቾሎኒ፣ የተፈለፈለ ሙሉ ፍሬ፦ 146
የኦቾሎኒ ቅቤ፦ 258 (የሾርባ ማንኪያው 16)
አልመንድ፣ ሙሉ፦ 143፤ በስሱ የተላገ፦ 92፤ በቁመቱ የተሰነጣጠቀ፦ 108፤ ዱቄት፦ 95
ካሹ፦ 137
ዋልነት፣ ግማሽ ግማሹ፦ 100፤ የተከተፈ፦ 117፤ የተፈጨ፦ 80
ፒካን፣ ግማሽ ግማሹ፦ 99፤ የተከተፈ፦ 109
ሃዘልነት፣ ሙሉ፦ 135፤ የተከተፈ፦ 115፤ የተፈጨ፦ 75
ፒስታቾ፣ የተፈለፈለ፦ 123
ሰሊጥ፦ 144 (የሾርባ ማንኪያው 9)
ተልባ፣ ያልተፈጨ፦ 168
የፈረንጅ ሱፍ፣ የተፈለፈለ፦ 140
የዱባ ፍሬ፣ የተፈለፈለ፦ 129

ግማሽ ኩባያ ካለ ለ2፣ ሲሶ ካለ ለ3፣ ሩብ ካለ ለ4 ማካፈል ነው። የኦቾሎኒ ሩብ ኩባያ 36 ወይም 37 ግራም ይሆናል፤ ሁለት ፍሬ ኦቾሎኒ ወዲያና ወዲህ ቢል ማንም አይከሳችሁም።

አንድ ወጥመድ አለ። «1 ኩባያ 8 አውንስ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ያ የፈሳሽ አውንስ ነው፣ የመጠን እንጂ የክብደት አይደለም። የክብደቱ አውንስ 28 ግራም ከምናምን ነው፣ 16ቱ አንድ ፓውንድ፣ 454 ግራም። 1 ኩባያ ኦቾሎኒ በክብደት 5 አውንስ ትንሽ ፈቅ ይላል እንጂ 8 አይሞላም። ስልክ ላይ ያሉ መቀየሪያዎችም አንዳንዶቹ ምን እንደምትመዝኑ ሳይጠይቁ «1 ኩባያ 237 ግራም» ይላሉ። ያ ውሃ ነው። በዚያ ሒሳብ ኦቾሎኒ ከከተታችሁ የኔ ባቅላባ ነው የሚደርስባችሁ።

ሚዛን ለሌለው ሰው

ሱቅ ሄዳችሁ ግማሽ ኪሎ የተፈለፈለ ኦቾሎኒ አስመዝኑ። እኔ ሠፈሬ ያሉ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ «ሐጂ፣ ግማሽ ኪሎ ልክ ለልክ ያድርጉልኝ፣ ምርቃት እንዳይጨምሩ» አልኳቸው። ምርቃት አልፈልግም የሚል ደንበኛ በዕድሜያቸው ያዩ አይመስለኝም። «አብሽሪ ልጄ፣ ታመሽ ነው?» አሉኝና ልኩን ሰጡኝ፣ ከዚያ ስከፍል ምርቃቱን ለብቻው በወረቀት ጠቅልለው ጨመሩልኝ።

ያንን ግማሽ ኪሎ ቤት ወስዳችሁ በኩባያችሁ እየሰፈራችሁ ቁጠሩ። ስንት ኩባያ ወጣው? 500ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። ሦስት ኩባያ ከግማሽ ከወጣው አንዱ ኩባያ 143 ገደማ ነው። ይኸው ሚዛን ሳይኖራችሁ መዘናችሁ። ለሰሊጥም ለካሹም እንደዚሁ።

ስንት ልግዛ?

ግራሙን ካወቃችሁ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከነቅርፊቱ የሚሸጥ ኦቾሎኒ ከሆነ ቅርፊቱ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ይወስዳል፣ ስለዚህ 468 ግራም ፍሬ ለማግኘት 700 ግራም ግዙ፤ ባዶና የተጨማደደም አይጠፋውም። ስትቆሉት ደግሞ እርጥበቱ ይወጣል፣ ቀዩ ስስ ልባስ ይራገፋል፣ ከኪሎ ላይ ጥቂት አሥር ግራሞች ይሄዳሉ። አሠራሩ «የተቆላ» ካለ ከቆላችሁና ካበጠራችሁ በኋላ መዝኑ። ትኩሱን አትመዝኑ፣ ሳህኑም ሚዛኑም ይግላል፣ ዲጂታል ሚዛን ሙቀት አይወድም።

እና እባካችሁ፣ ስትቆሉ መቅመስ ያለ ነው። እኛ ቤት 500 ግራም ተቆልቶ 500 ሆኖ ወጥቶ አያውቅም፣ ጥፋቱ ግን የእርጥበቱ ብቻ አይደለም።

አንዱን በሌላው ስትተኩ

ደሴ ላይ ኦቾሎኒ እንደ ልብ ነው፤ ዋልነትና ፒስታቾ ግን ቢገኝም ዋጋው ያስደነግጣል። ስለዚህ መተካታችን አይቀርም። ስትተኩ በግራም ተኩ እንጂ በኩባያ አትተኩ። 1 ኩባያ ግማሽ ግማሽ ዋልነት 100 ግራም ነው፤ በቦታው 1 ኩባያ ኦቾሎኒ ካደረጋችሁ 146 ከተታችሁ፣ ግማሽ ያህል ጨመራችሁ ማለት ነው።

በአልመንድ ዱቄት ቦታ ኦቾሎኒ ስትፈጩ ደግሞ ተጠንቀቁ። መፍጫውን አንቃችሁ ከያዛችሁት ዘይቱ ይወጣና ዱቄት ሳይሆን ቅቤ ታገኛላችሁ። ጫን እያደረጋችሁ ልቀቁት፣ ጫን ልቀቅ። ከአሠራሩ ስኳር ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ አብራችሁ ብትፈጩ ይረዳል። ሙቀጫም ያምራል፣ ግን እሱ ዱቄት ሳይሆን ሸካራ ነው የሚያወጣው።

የኦቾሎኒ ቅቤ ሲሆን ኩባያውን ጭራሽ አትንኩት፣ ግማሹ ጎኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዕቃውን ከነቅቤው ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉ፣ ከዚያ በማንኪያ አውጡ። ሚዛኑ ከዜሮ በታች መቁጠር ይጀምራል፣ 258 ሲቀነስ 1 ኩባያ ወጣ ማለት ነው። ቅቤውን ራሳችሁ ከሆነ የምትሠሩት፣ ለ1 ኩባያ ሁለት ኩባያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የተቆላ ኦቾሎኒ ይበላል፣ መፍጫው ላይ የሚቀረውን ሳይጨምር።

አሁን የቁም ሳጥኔ በር ውስጠኛው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «ኩባያዬ 310። ኦቾሎኒ 191። ሰሊጥ 188። ለአሜሪካን 237።» ዘይት ነክቶት ጥጉ ቢጫ ሆኗል። ሁለተኛው ባቅላባ በ468 ግራም ተሠራ፣ ላዩ አልተሰነጠቀም፣ ሽሮፑም ቦታውን ያዘ። ፎቶ አንስቼ ኮምቦልቻ ላክሁ። የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ተራራው ዝቅ አለልሽ እንዴ?»